ያልበጠበጥኩልህ ግራጫ

አንተዬ፣

ከተለያየን ሰባት ወር ከአስራ ሁለት ቀን ሆነ። እንዴት ነህ ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ መልስ እንደማይመጣ ሳውቅ ምን ያስጠይቀኛል ብዬ ተውኩት። እኛ ደህና ነን። ማህሌት የኮሌጅ የመጨረሻ ዓመቷን ጀምራለች። የበረንዳው ቆርቆሮ ተቀይሯል፣ ማፍሰስ አቁሟል። ወደ ቤቴል የሚወስደው መንገድ ተቆፍሮ ታክሲው በሰፈራችን ዞሮ ነው የሚያልፈው፣ ጥሩምባውን ብትሰማ ታብድ ነበር። እንዲህ ወሬ የማበዛው ዋናውን ነገር መጀመር ስለፈራሁ ነው።

ዋናው ነገር ከአባትህ የወረስካት አሮጌ ፊያት፣ የሴይቼንቶህ ሞተር ነው። አውጥተህ አሮጌው ጎማ ላይ ካስቀመጥከው ቀን ጀምሮ በረንዳው ላይ አለ። መኪናዋም ኮፈኖዋ ተከፍቶ፣ ሆዷ ባዶ ሆኖ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ነገ ቅዳሜ ሙደሲር ሊገጥመው ይመጣል። ያው ያንተው ሙደሲር፣ ስንት ዘመን አብራችሁ መኪና ስር የተጋደማችሁት መካኒክ። አንዴ ከተገጠመ በኋላ ብሩሽ የማይገባበት ቦታ ይበዛል። ስለዚህ ቀለሙ ዛሬ ካላለቀ መቼም አያልቅም።

ሰው ሁሉ ብር ቀለም ቀባውና ተገላገል ሲልህ አንተ እምቢ አልክ። ከፋብሪካ የወጣችበት ቀለም ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አልክ፤ እንዲህ ያለ አነጋገር አልወድልህም ነበር። አባትህ በየዓመቱ የደራረቡበትን ቀለም በሙሉ ፈቅፍቀህ፣ ዲናሞውን የሚይዘው ብረት ሲነሳ፣ ከስሩ ጥፍር የምታህል የድሮዋን ቀለም ያገኘህ ዕለት ጦር ኃይሎች ያለው የቀለም ሱቃችን ድረስ መጣህ። እጅህ እስከ ክርን ዘይት፣ ደንበኛ ቆሞ እያየ ጎትተህ አወጣኸኝ። ቤት ገብቼ አየኋት፤ ወደ አረንጓዴ የምታደላ ግራጫ ነበረች። በዓይንሽ ያዣት፣ አንቺ ካየሻት አትስቻትም አልከኝ። እኔም ሰኞ እበጠብጥልሃለሁ አልኩ።

ስንት ሰኞ አለፈ! የኮልፌን ግማሽ የግቢ በር ቀለም የበጠበጥኩ ሴትዮ፣ የሰውን ሳሎን ከመጋረጃው ጋር አስማምቼ የምሰጥ ሴትዮ፣ ላንተ አንዲት ጣሳ ግራጫ ጊዜ አጣሁ። አራት ወር ሙሉ ሰኞ አልኩህ። አንተም አልተቆጣህም፤ ብትቆጣ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ለቅሶህ መጣ። የዕድሩ ሰዎች ድንኳን ሲተክሉ ሞተሩን ከበረንዳው አንስተው ለጊዜው ከጓሮ አስቀመጡት። ሙደሲር ሰው መሃል መቀመጥ አቃተው። እንባው እየወረደ ከጓሮ ገባ፣ የሽቦ ብሩሽና ናፍጣ ይዞ ባዶ ብረት እስኪሆን ድረስ ፈተገው። ሲጨርስ ጠርቶ አሳየኝ፤ አንተን ማክበሩ ነበር። ዲናሞው የነበረበትን ቦታ አየሁ። የድሮዋ ቀለም የለችም። እግዜር ይስጥልኝ አልኩት። እስከ ዛሬ አልነገርኩትም፣ ቢያውቅ ራሱን ይቅር አይልም።

እንግዲህ ያቺ ቀለም የቀረችው እኔ ዓይን ውስጥ ብቻ ነው። ዓይኔን ደግሞ አላምነውም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሙቀት የሚችለውን ቀለም እየበጠበጥኩ በቁራጭ ቆርቆሮ ላይ ቀባሁ፤ አስራ አራት ቆርቆሮ የልብስ ገመዱ ላይ ሰቀልኩ። ጠዋት ይቺ ናት ያልኳት እኩለ ቀን ላይ ሰማያዊ ትሆናለች። ክረምቱ ደግሞ ብርሃኑን ሰርቆታል። ዓለም ባንክ ሰፈር የአንተን ዓይነት መኪና ያለው ሰው አለ ሲሉኝ ሄጄ ለምኜ አስከፈትኩት፣ ቀይ ቀብቶታል! እየሳቅኩም እያለቀስኩም ተመለስኩ። ድምፅህንስ በትክክል አስታውሰዋለሁ ወይ ብዬ የፈራሁት ያን ዕለት ታክሲ ውስጥ ነው።

ማህሌት ትናንት፣ "ማሚ፣ ኮፈኖው ከተዘጋ በኋላ ማን ያየዋል?" አለችኝ። ጮህኩባት። ምስኪን፣ ምን አጠፋች? እሷም አንተም የማታውቁት ነገር አለ፣ አሁን ልንገርህ።

የመጨረሻው ሳምንትህ ነበር። ሆስፒታል አልጋህ ላይ ኦክስጅኑን ከአፍህ ፈቀቅ አድርገህ፣ "ቀለሙስ?" አልከኝ። በጥብጬ ጨርሻለሁ፣ ቁርጥ እሷን ነው አልኩህ። ውሸት ነበር። ከሻይህ ስኳር የቀነስኩብህን ካልቆጠርክብኝ፣ ሌላ ዋሽቼህ አላውቅም። አንተ ደግሞ አንተ ነህና ምን ምን አገባሽበት ብለህ ጠየቅከኝ። እኔም ለደንበኛ እንደምናገር ሳልደናቀፍ፣ አራት ነጭ፣ አንድ ጥቁር፣ ግማሽ አረንጓዴ፣ ከቢጫው በእንጨት ጫፍ ብቻ አልኩህ። አንሶላው ላይ በጣትህ አንድ በአንድ ቆጠርካቸው። "ቢጫውንማ እኔ አላስበውም ነበር" ብለህ ፈገግ አልክና እንቅልፍ ወሰደህ። እኔ ኮሪደር ወጥቼ ነጠላዬን ነከስኩ።

ዛሬ ጠዋት አስራ አራቱንም ቆርቆሮ ከገመዱ አወረድኳቸው። በሲኒ ለካሁ፤ አራት ነጭ፣ አንድ ጥቁር፣ ግማሽ አረንጓዴ፣ ከቢጫው በእንጨት ጫፍ። እንዲህ አድርጌ በጥብጬው አላውቅም ነበር። ዓይኔ ከያዛት ትንሽ አረንጓዴነቱ የበዛ መሰለኝ፤ ይሁን፣ አልነካካሁትም። ሁለት ጊዜ ቀባሁት። ሙደሲር ከጁምዓ ሲመለስ ጎራ አለና ዞሮ ዞሮ አየው፤ "ፋብሪካ ናት በቃ፣ ወላሂ!" አለኝ። እኔን ለማስደሰት ይሁን ከልቡ አላውቅም። የፋብሪካው ላይሆን ይችላል፣ ከእንግዲህ የሚያመሳክርልኝም የለም። ዝናቡ ጀምሯል፤ ይህን እየጻፍኩ በየመስመሩ እየተነሳሁ ከበረንዳው ፊት የጋረድኩት ላስቲክ ውሃ አስገብቶ እንደሆነ አያለሁ።

አልረሳህም ብዬ ብምልልህ ይቀለኝ ነበር። ግን መርሳት እንዴት እንደሚመጣ በዚች ቀለም አይቻለሁ፣ ፈርቼዋለሁም። ስለዚህ ቃሌ ይኸው፤ ስላንተ የማውቀውን ሁሉ ለማህሌት እነግራታለሁ፣ ሰኞ ሳልል። የዋሸሁህንም ጭምር።

አልጋህ ላይ ሆነህ በጣትህ የቆጠርከው ቀለም አሁን በረንዳችን ላይ ነው። ገና አልደረቀም።