ስለ ቸርኬው ደወል እና ስለ ልጅ ልጄ ወንበር

ለተከበሩ ርእሰ መምህርት ወይዘሮ አመተ ሥላሴ፤

ጤናዎ ከነቤተሰብዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ዛሬም ያለ መነጽር ቆርቆሮ እቆርጣለሁ፣ ሚስቴ ካረፈች ወዲህም ሸሚዜን አጥቦልኝ ሽሮዬን ሠርቶልኝ የሚያውቅ ሰው የለም፣ ይህንንም በመሠረተ ትምህርት በለቀምኳት ፊደል ማንንም ሳላስቸግር ጻፍኩት። በቢሮዎ በር ላይ የለጠፍኩት ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ነው።

በቅድሚያ ስለ ደግነትዎ አመሰግናለሁ። ኦቲዝም ያለባት የልጅ ልጄ ፍቅርአዲስ ሁለት ዓመት በማዕከል ስትረዳ ቆይታ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ስትገባ በእልልታ ተቀብለዋታል፤ በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ እስከ ዓርብ አንድ ጊዜ እንኳ ከክፍል ሮጣ ከወጣች ወደ ማዕከሏ ትመለስ ብለዋል።

አንደኛ፤ የሚያስሮጣት ደወሉ ነው። ደወሉን ያመጣሁትም እኔው ነኝ፤ ልጄን ስለተቀበሉልኝ ከምን አለሽ ተራ የመኪና ቸርኬ ሁሉ ድምፁ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የሚደርሰውን መርጬ በስጦታ ሰቀልኩላችሁ። ጥፋቴን አምናለሁ። ዘበኛውን ቀስ አድርገህ ምታ ማለት ግን ስብሰባ የሚያስፈልገው ጉዳይ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሁለተኛ፤ ከማዕከሉ አብራት ለምትመጣው ለረዳቷ ለጠሂራ ክፍል ውስጥ ወንበር ተሰጣት፣ ለእኔ ከበሩ አጠገብ ድንጋይ። ደወሉ ሲጮኽ ልጅቷ ወደ በሩ ትበራለች፤ እኔ እጄን ዘርግቼ ስነሣ ዞር ትልና ከኋላዋ የመጣችውን ጠሂራን ታቅፋለች። በአፏ የጠራችው የመጀመሪያ ስምም «ጠሂ» ነው፤ ሰባት ዓመት በጀርባዬ ያዘልኳት እኔ ‹አባባ› የሚለውን እስካሁን ወረፋ ይዤ እጠብቃለሁ። ቀንቶ ነው ይሉኛል። አዎ ቀንቻለሁ፤ ከፈለጉ ደረሰኝ ይቁረጡልኝ።

ሦስተኛ፤ የሚያንገበግበኝ ይኸኛው ነው። ጠሂራ ማክሰኞ ዕለት ልጅቷ ራሷ ደወሉን ትምታ ብላ ስትጠይቅ፣ ደንብ አይፈቅድም ብለው መለሷት። ፍቅርአዲስ እኔ ዘንድ ቀኑን ሙሉ ምድጃ ሲቀጠቀጥ ጆሮዋን ይዛ አታውቅም፤ መዶሻው ሲነሣ ታየዋለች፣ አንዳንዴም እጀታውን አብራኝ ትይዛለች። ድንገት የሚመጣባትን እንጂ የራሷ እጅ የሚያመጣውን ድምፅ አትፈራም። ይህን ከጠሂራ በፊት አውቅ ነበር፤ የጠየቀኝ ስለሌለ ኮርቼ ዝም አልኩ፣ ሐሳቡም በእሷ ስም ቀረ። እየቀናሁም ቢሆን እፈርምበታለሁ፦ እስከ ዓርብ ደወሉን ፍቅርአዲስ ትምታው። እምቢ ካሉ ልጅቷን ያስወጣት የእኔ ቸርኬና የእርስዎ ደንብ እንጂ ሕመሟ አይደለም።

ለስብሰባዎ በረከትን፣ ለደንብዎ ረጅም ዕድሜን እየተመኘሁ፣

ድንጋዬ ላይ ተቀምጬ የማከብርዎ፣
አስናቀው ማሙሸት፣ ምድጃ ሠሪ

ማሳሰቢያ፦ ያለብኝን ዕዳ ማንም እንዳይከፍልልኝ። ጠሂራን ተራው ሁሉ እየሰማ ልጄን ነጠቀችኝ ብያታለሁ፤ ይቅርታውን እዚያው ተራ ላይ ራሴ እጠይቃታለሁ። ዘበኛውን ብርሃኔን ደንቆሮ ብዬዋለሁ፤ እሱንም ራሴ። ለእርስዎ ያለብኝን ምስጋና ግን ብፈልግ አጣሁት፤ እስከ ዓርብ ሊገኝ ይችላል።