የጤዛ አምባው ባላምባራስ

ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ልጅ፣

እንደምን ከርመሻል? ባልሽስ? ልጆቹስ? የደብረ ሲና ብርድ ያን የእናትሽን የመሰለ አፍንጫሽን ቆርጦ ካልጣለው ደህና እንደሆንሽ እገምታለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዘንድሮም ንዳዱ ጎብኝቶኝ ነበር፤ የሚበላው ሥጋ ሲያጣብኝ አፍሮ ትቶኝ ሄደ። ከቀሩት ጥርሶቼም አንዱ ተለይቶኛል። የተረፉት ለቆሎ ባይሆኑም ለሳቅ ይበቃሉ።

ደብዳቤውን የምታደርስልሽ የሷሊሕ ሚስት ከዲጃ ናት፤ ጥጥ ልትሸጥ ወደ እናንተ ትወጣለች። ሷሊሕን መቼም አትረሺውም፣ ያ ከእርሻችን ጎን የሚያርሰው፣ ሸንኮራ እያስጋጠ ያሞላቀቀሽ። ሰው ሳያይሽ አንብቢው፤ ስትጨርሺ እሳት ውስጥ ጣዪው። እየቀለድኩ እንዳይመስልሽ። ዘንድሮ መቀለድ ፈርቻለሁ። እኔ መቀለድ ከፈራሁ አገሩ ምን እንደደረሰበት አንቺው ገምቺ።

ነገሩ የጤዛ አምባ ነገር ነው።

እናትሽ ከሞተች በኋላ፣ ማማ ላይ ሆነን ማሽላችንን ከወፍ ስንጠብቅ የሠራነው አገር። ወንጭፍሽን እንደያዝሽ እንቅልፍ ሲያዳፋሽ እኔ አንድ ነገር እፈጥራለሁ፣ አንቺ ትቀጥያለሽ። በዚህ አንጎል በሚያፈላ ሙቀት ተቀምጠን፣ ጠዋት ጠዋት ጤዛ የሚወርድበት ደጋ አበጀን። አንቺ መጀመሪያ ንጉሥ ይኑረው አልሽ። እኔ ደግሞ ንጉሥ ካለ ሁሉም የእሱን አፍ ሲጠብቅ ይውላል፣ መጀመሪያ ውኃ እናምጣ አልኩሽ። ውኃው ሲመጣ ሁለት መንደሮች ተጣሉበት። ሲጣሉ ዳኛ አስፈለገ። ዳኛው ሚስት አገባ፤ ሚስቱ ከጎረቤት ተኳረፈች። ከዚያ ወዲያ እኛ ዝም ብንልም አገሩ ዝም አላለም። አገር የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ሰዎቹ የሚጣሉበትን ነገር ሰጥተሽ እጅሽን ትሰበስቢያለሽ። ሁሉን ነገር አበጅተሽ ከጨረስሽው ይሞትብሻል።

ዳኛውን ባላምባራስ አሰግድ ያልሽው አንቺ ነሽ። ወፍራም፣ እንቅልፋም፣ ክርክር እየሰማ የሚያንኮራፋ፣ ሲነቃ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፣ ወደየቤታችሁ ግቡ የሚል። አንቺ በሳቅሽ ወፉን ሁሉ ስታባርሪው ወንጭፉ ሥራ ይፈታ ነበር።

አግብተሽ ስትሄጂ ያን ሁሉ ሰው ብቻዬን ማስተዳደር ከበደኝ። ለሷሊሕ ነገርኩት። እሱ ቤቱ ሄዶ ሲያስብ ከርሞ መጣና፣ አንተ ሰው፣ ለመሆኑ እኛን የት ጣልከን፣ በዚያ አገር አዛን የሚል የለም እንዴ፣ ወላሂ መስጊድ ከሌለው ሁለተኛ ወሬህን አልሰማም አለኝ። መስጊዱን ራሱ ይሥራ ብዬ ፈቀድኩለት፤ ለሼኩም የውኃ ተራ ሰጠሁ። ከዚያ ገበያተኛው ሁሉ ገባበት። ዛሬስ በጤዛ አምባ ምን ተሰማ ሳይለኝ የሚያልፍ ጠፋ። አንድ ቀን ከአጣዬ የመጣ አሞሌ ነጋዴ፣ የጤዛ አምባን ድልድይ ጎርፍ ወሰደው ብሎ አረዳኝ። እኔ ድልድይ ሠርቼ አላውቅም። ደስታው ልቤን ሞላው፤ ጀርባዬን ደግሞ በረደኝ።

ጣሊያን ሲገባ ጥያቄው ተለወጠ። በቅሎ ሲነጠቅ፣ ወንዱ ለካሚዮን መንገድ ድንጋይ ሊፈልጥ ሲነዳ፣ ሰዉ እየመጣ ባላምባራስስ ምን አለ ይለኝ ጀመር። ተኝቷል እላለሁ። አልወደዱትም። ራሳቸው ቀሰቀሱት። እዚያው ዓይኔ እያየ አከሱት፤ ጠመንጃ አስያዙት፤ ነጭ በቅሎ ላይ አወጡት። እኔም ያመጡትን አላፈርስም ብዬ ተውኩት።

ባለፈው ሰሞን በመንገዱ ዳር የተዘረጋውን የስልክ ሽቦ ሰው ቆርጦት አደረ። ማን እንደቆረጠው እስካሁን የሚያውቅ የለም። የጦሩ ሻምበል አውጫጭ አዘዘ። የእኛኑ ሥርዓት መሆኑ ነው፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ የአገሩን ወንድ በሙሉ ከዛፍ ሥር መሰብሰብ። በእኛ አውጫጭ ግን ከኋላ መትረየስ ተጠምዶ አያውቅም። ጥላው ለእነሱ ሆነና እኛን ፀሐይ ላይ አስቀመጡን። ውኃ የሚባል የለም።

መጀመሪያ አፉን የከፈተው ንጉሤ ነው፣ ያ ቀፎ ሰቃዩ፣ ንቡን ሳይፈራ ሰውን የሚፈራው። ሽቦውን የቆረጠው ባላምባራስ አሰግድ ነው አለ። አስተርጓሚው ለሻምበሉ ነገረውና ንጉሤን ወደ ቤትህ ሂድ አሉት። ይህን ጊዜ ሌላው ሁሉ መውጫውን አየ። አንዱ ነጭ በቅሎውን አይቻለሁ አለ፤ ሄደ። አንዱ ገለባ ሰጥቼዋለሁ አለ፤ ሄደ። አንዱ ቁመቱ ረጅም፣ ጢሙ ጥቁር ነው አለ፤ እሱም ሄደ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ሁሉም ዓይናቸውን ይሰብራሉ።

ተነሣሁ። ጌታዬ፣ ይህ ሰው ሰው አይደለም፣ እኔ ማማ ላይ ተቀምጬ ልጅ እንዳይተኛብኝ የፈጠርኩት ነው አልኩ። የማን ልጅ እንደሆነች አልተናገርኩም። አስተርጓሚው ሳቀ፤ ተረጎመው። ሻምበሉ ግን አልሳቀም። ይህ ሁሉ ሕዝብ ያየውን አንተ ብቻ የለም ካልክ የደበቅከው አንተ ነህ፣ ሂድና አምጣው ብሎ ለቀቀኝ። ባላምባራሱ ቅዳሜ በገበያው መካከል እጁን ካልሰጠ፣ አየሁት ያሉትን ሰዎች ቤት በሙሉ አቃጥሎ ወንዶቹን ሊወስድ ነው። ከዚህ በፊት የወሰዷቸው አልተመለሱም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ደጄ ከሰው አይጠራም። የሚለምነኝም የሚወቅሰኝም የለም። የንጉሤ ሚስት መሠረት ያን የገፋ ሆዷን ይዛ መጣች፤ ግቢዬን ጠርጋልኝ ሄደች። ሷሊሕ ወደ አፋር በረሃ ላሻግርህ አለኝ። ቅዳሜ ማን ይውጣላቸው አልኩት። በቅሎውን አምጥቶ ደጄ ላይ አሰራት።

እንግዲህ ባላምባራስን ሳስበው አንድ ነገር ብቻ ጎድሎታል፤ ሥጋ። ረጅም ነው ብለዋል፤ በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ቁመቱ አይለይም። የሷሊሕ በቅሎ አመድማ ናት፤ ፈረንጁ ከነጭ አይለያትም። ለጢሙ ከዲጃ ጥላሸት በቅቤ ለውሳ አስቀምጣለች፤ የማን ጢም እንደሆነ አልጠየቀችም፣ ግን እያለቀሰች ነው የለወሰችው። ሻምበሉ በዚያ ቀን ያየሁት ሽማግሌ ጢሙ ነጭ ነበር ቢል፣ ዱቄት ነስንሶበት ነበር ይሉታል፤ ተነጋግረናል። መመስከር እንደሆነ ሁሉም ለምዶታል።

ባላምባራስ ፈሪ አይደለም ተብሎ ተመስክሮለታል። ይሄ ነው ያስቸገረኝ። በቅሎዋ ላይ ስወጣ እግሬ ከእርካቡ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ደወል ይመስል ያንቃጭላል። ሷሊሕ በጨርቅ ጠቅልልልሃለሁ ብሎኛል።

አሁን ጆሮሽን ስጪኝ። ልጆችሽ ከጎረቤት ልጆች ጋር ጤዛ አምባ እያሉ እንደሚጫወቱ ከዲጃ ነገረችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በግ አርድ ነበር። አሁን አስቁሚያቸው፤ ተቆጪ፣ ካልሆነም ግረፊያቸው። እነዚህ ሰዎች እስኪሄዱ ስሙ ከቤትሽ አይሰማ። ሲሄዱ ግን መልሰሽ ንገሪያቸው። ልጆቹ እኔና አንቺ ያላስገባነውን ነገር ቢያስገቡበት አታርሚያቸው።

ቅዳሜ ወደ ሮቢት እንዳትወርጂ። ባላምባራስ አሰግድ ተሰቀለ ሲባል ብትሰሚም ጥቁር እንዳትለብሺ፣ ፀጉርሽን እንዳትላጪ፣ እንጀራሽን ጋግረሽ ውኃሽን ቀድተሽ ዋዪ። ማን እንደሚያለቅስለት የሚያይ ሰው ይልካሉ። እዚህ ያለው ሰው ዘመድ የለውም ብሎ ሊምል ተስማምቷል። አንቺም ከጠየቁሽ አያት የለኝም በዪ። አይቼው አላውቅም በዪ። እኔ አልቀየምሽም።

አምላክ ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ባልሽን ከመንገድ ሥራው በደህና ያግባልሽ። ደጅሽ በእንግዳ እንጂ በወታደር አይንኳኳ። እጅሽ የዘራው ይብቀልልሽ፣ የወለድሽው ይቅበርሽ፤ እኔ በእናትሽ ያየሁትን አንቺ አትዪ።

እስከ ቅዳሜ ድረስ፣

አያትሽ።