የመጨረሻው ችካል

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9

ልጄ፣ የኔ ዓለም፣

እንዴት ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ግን ከእኔ ጋር መማከር ካቆመ ሰንብቷል። ክፍል እንዳዘጋጀሽልኝ የጻፍሽው ደርሶኛል። መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ማሞቂያ አለው፣ ሕንፃው አሳንሰር አለው ብለሻል። ሸማኔ በአሳንሰር ምን እንደሚሠራ እያሰብኩበት ነው፤ ሲገባኝ እነግርሻለሁ።

«ለአልጋሽ አንድ ልብስ ሠርቼ እመጣለሁ» ብዬሽ የለ? ቃሌ ቃል ነው። ትናንት ድሩን ማድራት ጀመርኩ። አሠራሩን ታውቂዋለሽ፣ በእግሬ መሀል እየተሽሎከለክሽ ነው ያደግሽው፤ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ካሉት ችካሎች አንዱን መርጠሽ ክሩን እስከዚያ ወስደሽ ትመልሺዋለሽ። ለአንድ የአልጋ ልብስ መሀል ያለው ችካል ይበቃል። እኔ ግን ሳላስበው እስከ በሩ፣ እስከ መጨረሻው ችካል ሄድኩ። የመጀመሪያው ክር የደረሰበት ደግሞ ሌላው ሁሉ መድረስ አለበት፤ አለዚያ ሲወጠር አንዱ ይላላል፣ አንዱ ይበጠሳል። ምን ላድርግ፣ እስከ በሩ ስመላለስ ዋልኩ።

አክስትሽ ክር ልትይዝልኝ መጥታ ገና ከደጃፉ ቆመች።

«ወንድሜ፣ ሠፈሩን በሙሉ ልትገንዝ ነው?»

«ተሳስቼ ነው።»

«ተሳስተህ! ዓይንህን ጨፍነህ የምታደራው ሰውዬ!»

«አርጅቻለሁ።»

«ሲመችህ ታረጃለህ» አለችና ክሩን ያዘችልኝ።

ዛሬ ደግሞ ቋጠሮ ነው። የአሮጌው ድር ጫፍ የሽመና ዕቃው ላይ ይቀር የለ? አዲሱን ከሱ ጋር አንድ በአንድ ቋጥረሽ ትስቢዋለሽ፤ እንዲያ ካልሆነ ክሩን ሁሉ እንደ አዲስ በማበጠሪያው ጥርሶች መሀል ማሳለፍ ነው። ያንን አንዴ አሳልፋ የጨረሰችው እናትሽ ናት። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት የተሠራ ጨርቅ ሁሉ በእሷ ክር ጫፍ ላይ እየተቋጠረ የመጣ ነው። እሷ ካረፈች በኋላም አልተቋረጠም። ይህን የምጽፍልሽ እንዲያው ለወሬ ያህል ነው።

ወገቤ ሊቆረጥ ደርሷል፤ ገና ግማሹንም አልቋጠርኩ። አክስትሽ «ይሄ ድር እስኪያልቅ ሁለታችንም አንኖርም» ትላለች። እሷ መቼም ማጋነን ትወዳለች። በእኔ ስሌት ከመጪው ዓመት አያልፍም፤ ቢያልፍም ጥቂት ነው። ድሩን ጅምር ላይ ትቶ የሄደ ሸማኔ እንዳለ የሙያ ጓደኞቼን ጠይቄ ነበር፤ ሰማሁ ያለ አንድም አልተገኘም። እስከዚያው ክፍሉ ባዶውን እንዳይቀመጥ ልብስሽን ስቀይበት።

እጅሽ አይዛል፣ እግርሽን እንቅፋት አያግኘው። ከአልጋሽ የሚተርፈው ጨርቅ ለልጆችሽ፣ ለልጅ ልጆችሽ ይሁን። ልትወስጂኝ እንደምትመጪ አውቃለሁ። ነይ፤ ክር የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ።

መቀስ ብቻ ይዘሽ እንዳትመጪ።

አባትሽ