ከትእዛዝ እስከ እጅ

ማክሰኞ፣ መስከረም 4። ጠዋት 1 ሰ.

የአባን ክኒን ለሁለት ከፈልሁት። ግማሹ ለአሁን፣ ግማሹ ለማታ። እማ ክኒን በቢላ ሲቆረጥ ማየት አትወድም፤ በረካው ይሄዳል ትላለች። መድኃኒቱ ከደሴ ካልመጣ ከየትም አይመጣም፣ የደሴ መንገድ ደግሞ በጦርነቱ ዝግ ነው።

አባ ቁርስ ላይ እንደገና ደረቁ። እጃቸው ዳቦው ላይ፣ ዓይናቸው እኔ ላይ። ፓርኪንሰን እንዲህ ነው፤ ሰውነት መሀል ላይ ይቆማል፣ ሰውየው ግን ውስጡ አለ፣ ሁሉንም ያያል። ዳቦውን አጎረስኋቸው። አፈሩ። እኔም አፈርሁ።

ደብተሬ፣ ሥራዬን ታውቂያለሽ። ሰው ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ አስተኛለሁ፣ መብራት ሲበራ ጣቱን እንዲያነሳ አዛለሁ፣ ከትእዛዙ እስከ ጣቱ ድረስ አንጎሉ ውስጥ የሚሆነውን በምስል እይዛለሁ። ያቺን ቅጽበት ሳሳድድ ዕድሜዬ ሄደ። አሁን ምስሎቹ ላፕቶፕ ውስጥ፣ ላፕቶፑ ባትሪው አልቆ፣ መብራት የለም። ወልድያ ያለው ቢሮዬ ይኑር አይኑር አላውቅም። ዶ/ር ዘይነባ መርሳ ከተማ፣ አባቷ ቤት ቁጭ ብላ ክኒን ትቆርጣለች።

ሐሙስ፣ መስከረም 6። ከቀኑ 9 ሰ.

ከተማዋን የያዙት ታጣቂዎች ቤት ለቤት ፍተሻ ጀምረዋል። የነገሩን ሼህ ይመር ናቸው፤ የሰፈራችን ኢማም፣ የአባ የልጅነት ጓደኛ። ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ሰው እጅ ወደ ላይ ሲባል ሳያነሳ ቀርቶ እግሩን በጥይት ተመቷል። እምቢ ብሎ አይደለም። ጆሮው አይሰማም።

እማ እኔን አየች። እኔ የአባን እጅ አየሁ።

ሼሁ እንደሄዱ ሞከርሁ። አባ፣ እጅዎን ያንሱ አልኋቸው። ምንም። ጮክ ብዬ ደገምሁ። ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ መንቀጥቀጡን ቀጠለ፣ ቆይቶ ቆይቶ ትንሽ ተነሳ፣ ወደቀ።

አባ ሳቁ። "ትእዛዙስ ወጥቷል፤ ኬላ ላይ ይዘውት ነው" አሉ።

አልሳቅሁም። ፈርቻለሁ። ጠመንጃ የያዘ ሰው አንዴ ይጮሃል፣ ቢበዛ ሁለቴ። የአባ እጅ ግን በአምስተኛውም አይደርስም።

ዓርብ፣ መስከረም 7። ከዐስር ሶላት በኋላ

ጉድ አየሁ!

ሼህ ይመር ዐስርን ከአባ ጋር ሊሰግዱ መጡ። እኔ መጋረጃው ጀርባ ነኝ፣ ውሃ ይዤ። ሼሁ አላሁ አክበር ሲሉ የአባ ሁለት እጆች እኩል ወደ ጆሯቸው ሄዱ። ቀጥ ብለው። ሳይዘገዩ። ጆጉ ከእጄ ወድቆ እማ ተቆጣችኝ።

አንጎል ውስጥ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሰው በራሱ አስቦ ልነሳ ሲል የሚሄድበት ነው። ሁለተኛው ከውጭ የለመደው ምልክት ሲጠራው ነው። በዚህ በሽታ ቀድሞ የሚፈርሰው የመጀመሪያው ነው። አስፋልቱ ሲዘጋ በግራና ከተማ በኩል ዞሮ እንደመግባት። ይህን በመብራትና በፉጨት ድምፅ ማሽን ውስጥ አይቼዋለሁ። በተክቢራ፣ በአላሁ አክበር ግን አላየሁም፤ ማየትም አላሰብሁም። ከልጅነት ጀምሮ በየቀኑ የተጠረገ መንገድ!

ደስ አለኝ። የጥናቱ ርዕስ ሁሉ መጣልኝ። እነሱ ሲመጡ ምን እንደማደርግም አውቄአለሁ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 8። ረፋድ

ነገርኋቸው። ሲመጡ አጠገብዎ ቆሜ ተክቢራውን እላለሁ፣ እጅዎ ይነሳል፣ ከዛሬ ጀምሮ እንለማመድ አልሁ። ዝም አሉ። በሽታው መስሎኝ ጠበቅሁ። በሽታው አልነበረም።

"ዘይነባ፣ ይህን እጅ በዚያ ቃል የማነሳው ለአንድ ጌታ ነው። ለጠመንጃ አላነሳውም። በሶላቴ አትነግጂብኝ።"

ሙሉ ስሜን የሚጠሩኝ ሲቆጡ ነው። ነፍስ ማዳን ይቀድማል ብዬ ተከራከርሁ። እሱን ለእኔ ልታስተምሪኝ ነው አሉ። እማ ድንች እየላጠች ነበር፤ ቀና አላለችም።

ግትር ሽማግሌ። ግትርነቱን ከማን እንደወረስሁትም አውቃለሁ።

ሰኞ፣ መስከረም 10። ከቀኑ 8 ሰ.

ሌላ ምልክት ፍለጋ። ጭብጨባ፣ ቆጠራ፣ ሳህን በማንኪያ። እግራቸው ሳህኑን ይሰማል፤ ከደጃፍ እስከ ግቢው ማንጎ ዛፍ ድረስ ተራመዱ፣ እማ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እጃቸው ግን አሻፈረኝ አለ።

ከዚያ መጥፎ ነገር ሠራሁ። ከኋላቸው ሆኜ ልብስ ሳጥፍ ተክቢራውን ቀስ ብዬ አልሁት። እጃቸው ጉልበታቸውን ለቅቆ ተነሳ፣ መንገድ ላይ ቆመ፣ ወረደ። ያወረዱት እሳቸው ናቸው። ማውረዱ ምን ያህል እንደከበዳቸው ከትከሻቸው አየሁ። ዞረው አላዩኝም። ምሳም አልበሉ። አፉ በሉኝ አባ አልሁ።

ከአንቺ ምን እደብቃለሁ፦ አፍሬም ደስ ብሎኛል። ሠርቷላ።

ረቡዕ፣ መስከረም 12

ክኒኑ አለቀ። እማ ግራና እህቷ ዘንድ እንሂድ አለች። በእግር ነው እንግዲህ። አባ እኔን ትታችሁ ሂዱ አሉ። እማ ያደረገችውን ጫማ አውልቃ ተቀመጠች። እንቆያለን ማለት ነው።

አባ አሁንም አያናግሩኝም። ከወልድያ በኩል ከባድ መሣሪያ ሲጮህ ዋለ።

ዓርብ፣ መስከረም 14። ከቀኑ 10 ሰ.

መጡ። ጽሕፈቴን ታገሺኝ።

ሁለት ናቸው። አባ ማንጎው ሥር ወንበራቸው ላይ። እጅ ወደ ላይ ተባለ። እማ አነሳች። እኔ አነሳሁ። አባ አላነሱም። አንደኛው ጠመንጃውን ወደ እሳቸው አዞረና ደገመው።

በሽተኛ ናቸው ልል ነበር። ተክቢራውን ልል ነበር፤ ይቆጡ፣ ይርገሙኝ ብዬ ቆርጬ ነበር። አፌ ተከፈተ፣ ድምፅ የለም። እኔ ነኝ የደረቅሁት። አባ ያዩኛል፣ እኔ አያቸዋለሁ፣ ሁለታችንም ምንም አናደርግም።

እማ አለችው። "አላሁ አክበር።" ጮክ ብላ፣ ጎረቤት እንደምትጠራ።

የአባ እጆች ተነሱ። እኩል፣ እስከ ጆሮ። ታጣቂው ባለበት ቆመ። አባ ግን እዚያ አላበቁም፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጠፉና ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። ፋቲሐን፣ የቁርኣኑን መክፈቻ፣ እየቀሩ ነው። ሁለተኛው ታጣቂ፣ በዕድሜ ከፍ የሚለው፣ ተዋቸው ይስገዱ አለ። አፈሙዙ ዝቅ አለ።

ቤቱን በረበሩ። የእማን ብርድ ልብስና ላፕቶፔን ይዘው ወጡ። ምስሎቼ ሁሉ በአጥሩ በር ሲያልፉ እጄ ወደ ላይ እንደሆነ አየሁ። ለሱ ነገ አለቅሳለሁ።

አባ ሶላታቸውን አሰላምተው ሲጨርሱ እማን ጠሯት። ማን ፈቀደልሽ አሉ።

"ወንጀል ከሆነ በእኔ ይጻፍ" አለች። "አንቱ ብቻ ይኑሩልኝ።"

አባ ፊታቸውን ወደ ማንጎው መለሱ።

እዚያው ቀን፣ መግሪብ

መንገድ ላይ ሰው አይወጣም። ሼህ ይመር አይመጡም። አባ ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው ወደ ቂብላ፣ ለእኛ ወደ ወልድያ ማለት ነው። ራሳቸው አላሁ አክበር አሉ። እጃቸው አልመጣም። ደገሙት። አልመጣም። ከራስ የሚነሳው መንገድ ነው፤ ያለ ክኒን ጨርሶ ተዘግቷል። እኔ ፊት ለፊታቸው ግድግዳ ተደግፌ እጽፋለሁ፣ ዓይኔ ከእጃቸው አይነቀልም።

የቀኗ ሶላት አትቆጠርልኝም፣ ፍርሃት ገብቶባታል፣ ደግሜ እሰግዳታለሁ ይላሉ። ለራሳቸው ነው የሚሉት። ቆይተው፦

"ዘይኔ።"

ዘይነባ አላሉም።

"ኢማም ሁኚ አላልሁሽም። ቃሉን ብለሽ አንቂኝ ብቻ።"

እማ ከወጥ ቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

ደብተሬ፣ ለማየት ከዚህ የተሻለ ጊዜ አላገኝም። ብርሃኑ ገና አለ፣ ያለሁትም ፊት ለፊታቸው ነው። ላፕቶፕ ባይኖርም አንቺ አለሽ።

እስክሪብቶዬን አስቀምጣለሁ። ከኋላቸው እሄዳለሁ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። ቃሉን እላለሁ። እጃቸውን አላይም።