እስከ ዓርብ ዋስ

ማክሰኞ

ዋስ! ሁሉም ነገር ተሟልቶ ዋስ ጠፋ። ፓስፖርት አለ። የጤና ምርመራ አለ። የሆላንድ መንግሥት ሙሉ ወጪዬን ችሎ ለአንድ ዓመት ተኩል ማስተርስ ሊያስተምረኝ የላከው ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ በቀን ሦስቴ አነበዋለሁ። ስድስት ዓመት የውሃ ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርቼ፣ ሦስት ጊዜ አመልክቼ ወድቄ፣ በአራተኛው ያገኘሁት ነው። መሥሪያ ቤቴ ካልፈቀደ ግን ወረቀት ብቻ ነው። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ዛሬ ቁርጡን ነገረችኝ። ተምሬ ተመልሼ እንደማገለግል እፈርማለሁ፤ ብቀር ደግሞ በእኔ ፈንታ የሚጠየቅ ደመወዝተኛ ዋስ ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት መጥቶ ይፈርማል። ባል አይሆንም።

ቤት ገብቼ ለዳንኤል ነገርኩት። ባሌ ሲናደድ ድምፁ ደረጃው ድረስ ይሰማል። «አንዱን ለምነሽ አስፈርሚዋ! አንዴ ከወጣሽ ምን ልትሠሪ ትመለሻለሽ? ቀስ ብለሽ እኔንና ልጃችንን ሚሚን ትወስጂናለሽ።» እኔም ጮህኩበት። «የሰው አንገት ላይ ገመድ አስሬ ልሂድ?»

ጮህኩ እንጂ... እዚህ ደብተር ላይ ካልዋሸሁ፣ መቅረትን ፎርሙን ከሞላሁበት ቀን ጀምሮ አስቤዋለሁ።

ረቡዕ

ጋሽ ታደሰን ለመንኩ። የግምጃ ቤታችን ኃላፊ ናቸው፣ እንደ አባት የማያቸው። ከእኔ በፊት ለሄደ ባልደረባችን ፈርመው ልጁ እዚያው ቀረ፤ እስከ ዛሬ ከደመወዛቸው ይቆረጣል። «ልጄ፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሌሎቹም ያው ናቸው። ከጎኔ የምትቀመጠው «ባሌን ላማክር» አለችና ምሳ ሰዓት ላይ ስታየኝ በሌላ ደረጃ ወረደች። አንዱ «ጡረታ ልወጣ ነው» አለኝ፤ ገና አርባ አምስት ዓመቱ! የአክስቴ ልጅ ስልክ አያነሳም።

ከመሥሪያ ቤቴ ሰፈር ከጠመንጃ ያዥ እስከ ኮንዶሚኒየማችን በእግሬ መጣሁ። ታክሲ ውስጥ ሰው እያየኝ ማልቀስ አልፈለግኩም።

ሐሙስ፣ የግንቦት ልደታ

ከሥራ ስመለስ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢው ውስጥ ንፍሮውን ከቦ ተቀምጧል። ሹልክ ብዬ ልገባ ስል እትዬ ዘነበች ያዙኝ፤ የብሎካችን እናት ናቸው፣ ከእሳቸው ማምለጥ የለም። «በልደታ ቀን ቤቱን የሚዘጋ ማነው? ነይ ቁጭ በይ!»

ጋሽ ሰይድም አሉ። ግድግዳ የሚያዋስነን ጎረቤታችን ናቸው፤ የወሎ ሰው፣ ሙስሊም፣ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሚሠሩ። በየዓመቱ ይመጣሉ። «ንፍሮ ሃይማኖት የለውም» ይላሉ።

እትዬ ዘነበች መረቁ፣ ልደታን ተማጸኑ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «የዚህችን ልጅ መንገድ አቅኚላት» አሉ። ይሄኔ ጋሽ ሰይድ እፍኝ ሽምብራቸውን ወደ ሣህኑ መልሰው፣ «የጎደላት ዋስ ነው። እኔ እፈርምላታለሁ» አሉ። ሰው ሁሉ ባለበት! እልልታው ቀለጠ። ማን ነገራቸው? እኔ ግቢው ውስጥ ለአንድ ሰው አልተነፈስኩም።

እትዬ ዘነበች ወዲያው፣ «እንግዲያው የዛሬ ሁለት ዓመት ንፍሮው የሰናይት ነው! ተመልሳ በእጇ ቀቅላ ታወጣለች!» አሉ። ሁሉም «አሜን» አለ። እኛ ግቢ የንፍሮ ተራ ወስዶ ያስቀረ ሰው የለም። እኔም አሜን አልኩ፤ ምን ልበል? ዳንኤል ደረጃው ላይ ቆሞ ጠቀሰኝ። እግዜር ይይለት።

ዓርብ

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከጋሽ ሰይድ ጋር መሥሪያ ቤቴ ደረስን። ያቺን የምታብረቀርቅ የክት ኮታቸውን ለብሰዋል። የሰው ኃይል በር ላይ ስንደርስ ቆምኩ።

«ጋሽ ሰይድ፣ አይፈርሙ» አልኳቸው። «ላልመለስ አስቤ ነበር። አሁንም ራሴን አላምነውም።»

ከደረት ኪሳቸው የደመወዝ ማረጋገጫቸውን አውጥተው ሰጡኝ። ቀኑን አየሁት። የረቡዕ ነው! ንፍሮው ሳይቀቀል ያስጻፉት።

«ማክሰኞ ስትጣሉ ሰማሁ» አሉ። «የኛ ቤት ግድግዳ ምኑ ግድግዳ ነው? ባልሽ ያለውን ሰማሁ። አንቺ ስለ ሰው አንገት ያልሽውንም ሰማሁ። ይቺን ቃልሽን ብዬ ነው የመጣሁት።»

በሀፍረት መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። «ታዲያ ለምን ትናንት ሰው ሁሉ ባለበት...»

ሳቁ። «ለወረቀቱ እኔ ዋስ እሆናለሁ። ለእኔ ደግሞ ግቢው ዋስ ይሁነኝ ብዬ ነዋ!»

አራት ሰዓት ሳይሞላ ፈረሙ። ቀስ ብለው፣ የፍርድ ቤት መዝገብ እንደሚፈርሙ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ አለቀስኩ፤ ኃላፊዋ ሶፍት ሰጠችኝ። እጃቸውን ልስም ብል አሸሹብኝ።

ቅዳሜ

ዳንኤል አኩርፏል። ለጋሽ ሰይድ እውነቱን መናገሬን ነገርኩት። ቁርስ ላይ ከሚሚ ጋር ብቻ ነው ያወራው።

እኔም መቻል አቃተኝ። «ስማኝ፣ አንድ ዓመት ተኩል ነው! እመለሳለሁ!» አልኩት።

«ቀስ በይ፣ ይሰማሉ» አለ።

«ይስሙ! እመለሳለሁ!»

ከግድግዳው ማዶ ጋሽ ሰይድ ሁለቴ ሳሉ። ዳንኤል ወደ ግድግዳው ዞረ። ከዚያ ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጎ፣ «የዛሬ ሁለት ዓመቱ ንፍሮሽ ስንዴ ብቻ ነው ወይስ ሽምብራም ይገባበታል?» አለኝ። አሹፎብኝ ይሁን ታርቆኝ እስካሁን አላወቅኩም።

«ሁለቱም» አልኩት።