በሰላም ያረፈው አብራሪ አልሞተም

ለተከበሩ የበረራ አደጋ መርማሪዎች አለቃ፣
አዲስ አበባ።

ክቡር ሆይ፣ ከነቤተሰብዎ፣ ከነማኅተምዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ወዳጆ መኳንንት፣ የመንዝ ገበሬ፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እርስዎ ነፍስ ይማር ያሉት አብራሪ በዕውቀቱም ደህና ነው፤ ይህን ሳስጽፍ ከጎኔ ተቀምጦ በሶውን ጨብጦ ይበላል።

ፊደል ስላልቆጠርሁ ቃሌን የሚጽፍልኝ የቀበሌያችን ጸሐፊ መርስዔ ኃዘን ነው። ንግግርዎን ያለስልሱት ቢለኝ፣ የማለሰልሰው እርሻ ነው ብዬዋለሁ።

አንደኛ፤ ባለፈው ኅዳር በዕውቀቱ የገዛ ራሱን ትንሽ አውሮፕላን ሲያበርር ሞተሩ ሰማይ ላይ ጠፋበት። በጎቻችንን እስክናሸሽ አንድ ጊዜ ዞሮልን፣ አንዲት ጠቦት ሳይነካ በግጦሽ ሜዳችን ወረደ። እርስዎ የላኳቸው መርማሪዎች ሲደርሱ እሱ መካኒክ ፍለጋ ደብረ ብርሃን ሄዶ ነበርና እኔን ጠየቁኝ። እኔም ያየሁትን፣ «አብራሪው በሰላም አረፈ» ብዬ መሰከርሁ። በወሩ ከእርስዎ ዘንድ የሐዘን መግለጫ ደረሰን። እጅግ እናመሰግናለን፤ አገራችን ሬሳ ሳያይ የሚያለቅስ መሥሪያ ቤት እንዳላት አናውቅም ነበር።

ሁለተኛ፤ በዕውቀቱ የማብረር ፈቃዱን ሊያሳድስ ቢመጣ፣ የሟች ፈቃድ አይታደስም አላችሁት። ይኸው ቆሜአለሁ ቢላችሁ፣ በሕይወት ስለመኖርህ ምስክር አምጣ አላችሁት። ሞተሩ ተጠግኗል፤ ነገር ግን ያለ ፈቃድ ማስነሳት አይችልምና አውሮፕላኗ በጥጃ ገመድ ታስራ ሜዳችን ላይ ከርማለች።

ሦስተኛ፤ ከዚያው የሐዘን መግለጫ ግርጌ ሟቹን «ያለ ፈቃድ በማረፍ» ከሳችሁታል። በእኛ አገር ለማረፍ ማንም ፈቃድ ጠይቆ አያውቅም፤ ቀኑ ሲደርስ ይታረፋል። ወደቀ ብል ጥፋተኛ ታደርጉታላችሁ፤ አረፈ ብል ትቀብሩታላችሁ። ታዲያ ልጁ አየር ላይ ይቅር?

እኔም ጥፋት አለብኝ፤ ሳይነበብልኝ አሻራዬን አኑሬያለሁ። ስለዚህ በዕውቀቱን እንዲህ ስል መክሬዋለሁ፤ መርማሪ ሲጠራህ አትሽሽ፤ የሆነውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገር፤ የማታውቀውን አላውቅም በል፤ የጻፉትን መልሰው ሳያነቡልህ ግን እንዳትፈርም።

የታረመው ቃሌ ይህ ነው። አውሮፕላኗ መሬት ነካች፤ ቆመች፤ ሰውየው በእግሩ ወርዶ «ጤና ይስጥልኝ» አለን። ከዚህ ውስጥም ሬሳ ካወጣችሁ ችሎታችሁን አደንቃለሁ። ሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ ከመሐል ሜዳ ከተማ ይዤው እመጣለሁ፤ እጁን ጨብጠው ሙቀቱን ያረጋግጡና ፈቃዱን ይስጡልኝ።

ለማያውቁት ሰው እንኳ ለማዘን የማይሰስቱትን እርስዎን አክብሬ፣ ይህ ሁለት ጊዜ ተነብቦልኝ አሻራዬን አኑሬያለሁ።

ወዳጆ መኳንንት
የካቲት ፲፱፻፺፱ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፤ እኔም ሽማግሌ ነኝና ቀኔ ሩቅ አይደለም። ስሄድ «ሞተ» ተብሎ ብቻ እንዲነገር ለልጆቼ ተናዝዣለሁ፤ «አረፈ» ከተባለ የማረፊያ ፈቃድ አምጣ ብላችሁ መቃብሬ ድረስ ትመጣላችሁ።