አሁን ገና አረፈ

ማክሰኞ

ዛሬም ጫማዬ እርጥብ ነው። ሦስተኛ ቀኑ። አልማዝ በየጠዋቱ ሸራ ጫማዬን አጥባ አጥር ላይ ታሰጣዋለች። "አቧራ ይዞ ነበር" ትላለች። ከቅዳሜ ወዲህ ከበር ያልወጣ ጫማ አቧራውን ከየት ያመጣዋል? ሠላሳ ዓመት በትዳር ስንኖር እንዲህ ያለ ተንኮል ያላት ሚስት እንዳገባሁ አላውቅም ነበር።

የልብ ሕመሙ ከጣለኝ አምስት ሳምንት ሆነኝ። የተዘጋውን የደም ሥር ከፈቱልኝ፣ ስድስት ዓይነት ኪኒን ሰጡኝ፣ ተረፍኩ። ከዚያ ወዲህ ጠያቂ ይመጣል፣ ብርቱካኑን ያስቀምጣል፣ ልነሳ ስል "ኧረ በፍጹም፣ ተኛ" ይለኛል። ቤቱ በብርቱካን ተሞላ፣ እኔም አልጋ ላይ ቀረሁ።

ቦሌ ክሊኒክ ውስጥ የልብ ሕሙማንን ስፖርት የምታሠራው ሲስተር ፍሬሕይወት የምትለው ሌላ ነው። "ጋሼ ዘነበ፣ ልብ ጡንቻ ነው። የተጎዳው ቦታ ጠባሳ ሆኗል። የቀረው የእሱንም ሥራ ደርቦ መሥራት አለበት። እርስዎ ሲተኙ እሱም ይሰንፋል።" በዚህ ሳምንት በቀን ሁለት ጊዜ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ደቂቃ እንድራመድ አዛኛለች። ሰኞ እያራመደች ትፈትነኛለች።

ማንም ስለማያነበው እውነቱን ልጻፍ። ጫማው እርጥብ ሆኖ ሳገኘው እቆጣለሁ፣ እጮኻለሁ፣ ወደ አልጋ ስመለስ ግን በልቤ ደስ ይለኛል። ፈርቻለሁ።

ረቡዕ

የቆዳ ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። አልማዝ ሾላ ገበያ ሄዳ ነበር።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ መንገድ ቀያሽ ነበርኩ፣ ርቀትን በእርምጃ መለካት አይለቀኝም። ከበራችን እስከ መብራት ምሰሶው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ። እዚያ ስደርስ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ዘለለ። ምሰሶውን አቅፌ ቆምኩ። የምታልፍ ሴት "አባባ፣ መንገድ ጠፋዎት?" አለችኝ። እኔን! የሰፈሩን መንገድ የቀየስኩትን!

ሲስተር የሰጠችኝ መለኪያ ቀላል ነው። እየሄዱ ማውራት ከቻሉ ፍጥነቱ ልክ ነው፣ ቃል ከተቆራረጠብዎት ይቀንሱ። ከማን ጋር ላውራ? ከምሰሶው ጋር?

የምፈራቸው ነገሮች፦
ዳገት።
ሰው ፊት መውደቅ።
አልማዝ እውነቷን ቢሆንስ።

ከሰዓት በኋላ አልወጣሁም።

ሐሙስ

አልማዝ ጉንፋን ይዟታል፣ ድምጿ ተዘግቶ ያለቀሰች ትመስላለች። ጫማዬን ግን አልረሳችውም፣ ታጥቧል።

እኔም ሌሊቱን ስላልተኛሁ አሥር ሰዓት ገደማ ጋደም አልኩ። እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ስልክ ስታወራ ሰማኋት። "አዎ እትዬ... አሁን ገና አረፈ" ስትል ነበር። ታላቅ እህቴ እትዬ ሙሉ ከደብረ ብርሃን ደውላ ኖሯል። መስመሩ ተቋረጠ፣ አልማዝ መልሳ ብትደውል አልገባ አላት። ነገ እንሞክራለን።

አሥራ አምስት ደቂቃዬን ዛሬም አልሄድኩም። ሰኞ ምን ልላት ነው?

ዓርብ

የዛሬውን ሁሉ በተራ በተራው ልጻፈው።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የአልማዝ ስልክ ጮኸ፣ እሷ ፊቷን እየታጠበች ስለነበር እኔ አነሳሁት። የእትዬ ሙሉ ልጅ ደረጀ ነው። በለቅሶ ድምፅ "ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?" አለኝ።

"የማን?"

"የጋሼ ዘነበ።"

"ዘነበ እኮ እኔ ነኝ።"

ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስልኩን የጣለው መሰለኝ።

ነገሩ ቀስ ብሎ ገባን። አልማዝ በተዘጋ ድምጿ "አሁን ገና አረፈ" አለች፣ መስመሩ ተቋረጠ፣ እህቴ የቀረውን ራሷ ሞላችው። ደረጀ እንዳለው ሌሊቱን ስታለቅስ አድራ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፍራለች። ስልኳን ቤት ረስታዋለች። ሦስት ሰዓት ላይ ላምበረት አውቶቡስ ተራ ትደርሳለች። ሰባ ዓመቷ ነው፣ ደም ግፊት አለባት።

አልማዝ ነጠላዋን አንስታ "እኔ እሄዳለሁ" አለች።

"አንቺን በዚህ ድምፅ ብቻሽን ካየችሽ እዚያው ትወድቃለች" አልኳት። "እኔን ማየት አለባት።"

ልጃችን ሜሮን ቢሮዋ ቦሌ ነው፣ በሰዓቱ አትደርስም። የሰፈራችን መንገድ ተቆፍሮ መኪና አይገባም፣ ዋናው መንገድ ላይ ያለው የታክሲ ሰልፍ ደግሞ የሚያልቅ አይደለም። በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ። ለሲስተር ደወልኩላት። ትንሽ አሰበችና "ቀስ ብለው፣ በየአምስት ደቂቃው እያረፉ። ከምላስ ሥር የሚደረገውን ኪኒን ይያዙ። ካመመዎት ቆመው ይደውሉልኝ" አለችኝ።

የቆዳው ጫማ ለረጅም መንገድ ስለማይሆን እርጥቡን ሸራ ጫማ አድርጌ ወጣሁ። አልማዝ ክንዴን ያዘች።

"አውሪኝ" አልኳት።

"ምን ላውራህ?"

"ያሻሽን። የሲስተር ሕግ ነው።"

ምሰሶውን አለፍን። "ባለፈው ሳምንት ስትወጣ" አለች፣ "እስክትመለስ በር ላይ ቆሜ እኔ ነበርኩ ትንፋሽ የሚያጥረኝ። ጫማውን የማጥበው ለዚያ ነው።"

"እኔም እርጥብ ሲሆን ደስ ይለኝ ነበር" አልኳት።

ቆመች። "ታዲያ ለምን ትጮህብኝ ነበር?"

ከዚያ በኋላ ወሬ አላጣንም። ጎሚስታው ጋ እስክንደርስ ስንጨቃጨቅ ቃል አልተቆራረጠብኝም። እዚያ ግን ልቤ እንደገና ዘለለ። ከአሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ፣ ኪኒኑን ጨብጬ የእጄን ትርታ ቆጠርኩ። አልማዝ ፊቷ አመድ መሰለ፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ እየጸለየች ነበር። ሕመም የለም። ላብ የለም። ይመታል፣ ያ ብቻ ነው። የረገበው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ነው። ለሲስተር ደውዬ ነገርኳት፣ ጠያየቀችኝ፣ ቀስ ብላችሁ ሂዱ አለች፣ ሄድን።

ላምበረት ስንደርስ አውቶቡሱ እየገባ ነበር። እትዬ ሙሉ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ ሁለት ሴቶች ደግፈዋት ወረደች። ፊት ለፊቷ ቆምኩ።

"እትዬ፣ እኔ ነኝ።"

አልጮኸችም። አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለች። እኔም ጎንበስ አልኩ፣ ፊቴን በሁለት እጇ ዳሰሰችው፣ ጆሮዬን ሳይቀር። ዳስሳ ስትጨርስ "ማን ነው ታዲያ የሞተው?" አለች።

"ማንም።"

ቁልቁል እግሬን አየች። "ጫማህ ለምን ረጠበ?"

ያኔ አለቀስኩ።

ቅዳሜ

ሜሮን ትናንት ከቢሮዋ መጥታ በመኪና እስከ ዋናው መንገድ መለሰችን። እትዬ ሙሉን ጤና ጣቢያ ግፊቷን አስለካናት፣ ከፍ ብሏል፣ መድኃኒቷን ወሰደች፣ ወረደ። ዛሬ ደህና ናት። ደህና መሆኗን ያወቅሁት ስትቆጣ ነው።

"የታመመ ሰው ይተኛል እንጂ አውቶቡስ ተራ አይዞርም" አለችኝ። "አልማዝ፣ አስተኚው።"

አልማዝ ሽንኩርት እየላጠች ቀና እንኳ አላለችም። "ልብ ጡንቻ ነው እትዬ። እሱ ሲተኛ ልቡም ይሰንፋል።"

ከአፏ ስሰማው ብርቱካኔን ላጥኩ። ዛሬ አሥራ አምስት ደቂቃ ሁለት ጊዜ ሄድኩ። ጫማው ደረቅ ነበር።

ስልክ አላቆመም። ሰባት ሰው ሞቴን ሰምቷል። አልማዝ "የለም፣ ወጥቷል" ብላ ትጀምርና ደንግጣ "በእግሩ! በእግሩ ነው የወጣው!" ትላለች።

እሑድ

ነገ ፈተና። ሲስተር የዓርቡን የልብ ዝላይ በመሣሪያ አያለሁ ብላኛለች። ምናልባት ፍርሃት ነበር፣ ምናልባት ሌላ። አላውቅም። ከዓርብ ወዲህ አልተመለሰም፣ ተመልሶ ቢመጣም የት እንደምቀመጥና ማንን እንደምጠራ አውቃለሁ።

ዛሬ ሦስታችንም ሄድን፣ እትዬ ሙሉ መሐል። ምሰሶው ጋ ስንደርስ ትንፋሽ ያጠራት እሷ ናት። ጠበቅናት።

አሁን ደክሞኛል። ቅድም ከጓዳ "ትንሽ ልረፍ" ብዬ ብናገር ሁለቱም ሴቶች ያዙትን ጥለው እየሮጡ መጡ። በዚህ ቤት ያ ቃል ቀርቷል። ልተኛ ነው።